ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ የፈላው ሶስ

ይህን ታሪክ በማውራቴ አንባቢን በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሴት ልጅ ያደረሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ሰላም የሚለው አባወራ ስለ ድስትና ስለ ማንኪያ በአደባባይ ማውራት እንደማይገባው አላጣሁትም። ቤተሰቤን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባህላችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች ስሙ የሚነሳውን ዓሣም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሱ እንዲያውም በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። ከይቅርታው በኋላ ግን እናገራለሁ። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ ጸዳለ በራሷ መንገድ እያወራችው ነው፤ በእሷ አወራር ደግሞ እኔ ከዚህም የባስኩ ሰው ነኝ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ እምቢታ እንጫወት። እኛ እምቢ ስንል እምቢ ማለታችን አይደለም። ብሉ ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ጋባዡ ሆዳችን መጮኹን ያውቃል፤ እኛም ማወቁን እናውቃለን። ስለዚህ እሱ ይለምናል፣ እኛ እንግደረደራለን፣ «በእኔ ሞት» ይባላል፣ በመጨረሻ ለእሱ ስንል በላን ብለን ሳህኑን ጥርግ አድርገን እንነሳለን። ይህ ሁሉ ሥርዓት ነው። ችግሩ፣ ሥርዓቱ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲያውቁት ብቻ መሆኑ ነው። ካልጋሪ የመጣሁ ሰሞን፣ ምራቅ መሬት ሳይነካ በሚጠጥርበት በአንዱ ጠዋት፣ አውቶቡስ ስጠብቅ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ካናዳዊ መኪናውን አቁሞ «ላድርስህ?» አለኝ። እኔም እንደ አስተዳደጌ «ኧረ ተወው፣ ለምን ትቸገራለህ» አልኩት። መስኮቱን ዘጋና ሄደ። የኋላ መብራቱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ፣ መቼም ይመለሳል ብዬ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ስጠብቅ ነበር።

አልተመለሰም።

ይህ እንግዲህ ስለ መኪና ነው። ስለ ሴት ልጅ ሲሆን እምቢታው ሌላ ክብደት አለው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፣ ቅመሱ ቢባሉ አይቀምሱም፣ መልስ ሳያገኙ ውኃ እንኳ አይነኩም። አባት ፊቱን ቋጥሮ «እነማን ናችሁ? የማን ወገን ናችሁ?» ይላል። ልጅቷ ከልጁ ጋር ሁለት ክረምት ሙሉ አብራ ሆኪ ስታይ ከርማ ቢሆንም አባትየው የልጁን ስም ዛሬ ገና እንደሰማ ይሆናል። ከዚያ «ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን፤ ሂዱና ተመለሱ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ይመለሳሉ። እንደገና ይሸኛቸዋል። አያችሁ፣ ልጅቷ በቀላሉ የተገኘች እንዳትመስል ነው። እኔ ይህችን ቀን ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ስጠብቃት ኖሬአለሁ። ፊት መቋጠሩን እንኳ መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።

ልጄ ማህሌት የካልጋሪ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ ነው ሥራ የያዘችው። አንድ እሑድ ከእራት በኋላ ሶፋው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«ዳዲ፣ ራያን ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለች።

ራያን ማለት ጓደኛዋ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከጃፓን መጥተው እዚሁ አልበርታ ክፍለ ሀገር ውስጥ እርሻ ያቀኑ ናቸው። እሱ ግን ፒካፕ የሚነዳ፣ ኮፍያውን ቤት ውስጥ የማያወልቅ፣ ከጃፓንኛ የመኪና ስሞችን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ በዚህ በኩል እኩል ነን። ወላጆቹ ርቀው ስለሚኖሩ ወገን ሆነው የሚመጡት አያቱ ሚስተር ኬን ናቸው፤ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው በኦኮቶክስ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ከእሳቸው ጋር ተናጋሪ የሚሆኑት ደግሞ የሞንተሬይ ፓርክ ሰፈሩ ጋሽ ተስፋይ። ጋሽ ተስፋይ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው እኛን የአዲስ አበባዎቹን አንገት ያስደፋል። ልጁ መራጭ ነው ስል በልቤ አደነቅሁ፤ ፊቴን ግን ቋጠርኩ።

«መልካም» አልኩ። «መጥተው ይሞክሩ። ሂዱና ተመለሱ እላቸዋለሁ።»

«ዳዲ፣ ፕሊስ!» አለች። «እሱን ነገር አታድርገው። ግራንድፓ ኬን አይገባውም። ኖ ካልከው ኖ ነው። ይሄዳል፣ አይመለስም።»

«ባህላችን ነው።»

«ባህላችሁ ነው፤ ላይፉ ግን የእኔ ነው!»

ይህን ብላ ተነስታ ሄደች። መኪናዋን አስነስታ እስክትወጣ በመስኮት አየኋት፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር። ያቺ መስኮቷን ዘግታ የሄደች መኪና ትዝ አለችኝ። እምቢ ካልኩ የልጄን ትዳር አሰናክላለሁ፤ እሺ ካልኩ በአንድ ቃል የሰጠ አባት እሆናለሁ። ሰፈሩስ ምን ይላል? ጸዳለስ?

ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ነገር ወሰንኩ፤ እኔ ደግሞ ከወሰንኩ ወሰንኩ ነው። እምቢታውን እላለሁ፣ ከእምቢታው ንቅንቅ የለም። ነገር ግን ሲሸኙ ሚስተር ኬን በእጃቸው የሚይዙት ነገር እሰጣለሁ። በገዛ እጄ የተሠራ፣ የወገናቸው የሆነ፣ ቤታቸው ገብተው ሲቀምሱት «ይህ ሰው እምቢ ያለን ከጥላቻ አይደለም» የሚያሰኝ። ምን ይሁን? አንድ ጊዜ ማህሌት ጃፓን ምግብ ቤት ወስዳን ነበር። ሩዝ ላይ የተጋደመ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ሶስ የፈሰሰበት ነገር ቀረበልን። ጨው ጨው ሲል ስኳር ስኳር ይላል፤ አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይመጣል። ጸዳለ ምንነቱን ጠየቀች፣ ማህሌት በስልኳ ሥዕሉን አሳየቻት። ኢል የሚባል ረዥም፣ ሙልጭ ያለ፣ እባብ የመሰለ ዓሣ ነው። ጸዳለ ሹካዋን አስቀመጠች። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ ቤት አይበላም። እኔ ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት ጨርሼ ነበርና ምንም አላልኩም።

ዓሣው ይቅር፤ ሶሱ ግን ይሠራ አልኩ። አገላብጬ ሳነብ ደግሞ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የኢል ሶስ ውስጥ ኢል የለም! ሶይ ሶስ፣ ስኳር፣ ሚሪን የሚሉት ጣፋጭ የሩዝ ወይን፣ ሳኬ የሚሉት የሩዝ መጠጥ፤ በቃ። ዓሣው ላይ ስለሚፈስ ብቻ ነው ስሙን የወሰደው። ይህ ለእኛ ሊደንቀን አይገባም። ሰላም የሌለበት የሰላም ኮሚቴ፣ ልማት የማያውቀው የልማት ማኅበር እያየን ያደግን ሰዎች ነን።

«በጠርሙስ ይሸጣል እኮ» አለች ጸዳለ።

«በጠርሙስ የተገዛ ነገር ልብ አያለሰልስም» አልኳት።

«ልባቸውን ልታለሰልስ ነው ወይስ ልትመልሳቸው?»

«ሁለቱንም።»

ትከሻዋን ሰበቀች። የጸዳለ ትከሻ ብዙ ይናገራል፤ እኔ አላዳመጥኩትም።

የመጀመሪያው ሙከራ የከሸፈው በሽንኩርት ነው። እባካችሁ አትሳቁ። እናንተም ባዶ ድስት እሳት ላይ ስታዩ እጃችሁ የሚፈልገውን ታውቃላችሁ። በስልኬ የማየው የአሠራር ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ ስለ ሽንኩርት ትንፍሽ አላለችም፤ እኔ ግን የታወቀ ነገር ስለሆነ ዘለለችው ብዬ ገመትኩ። ያልተቁላላ ነገር ምግብ ይባላል? ሽንኩርቱን ከትፌ፣ በደንብ አቁላልቼ፣ ዘይት ጨምሬ፣ ሚሪኑን ቸለስኩበት። የወጣው እንፋሎት በኮሪደሩ አልፎ መኝታ ቤት ደረሰና ጸዳለን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። በር ላይ ቆማ «ምን ሞተ?» አለች። የድስቱ ነገር ወጥ ነው እንዳይባል ጣፋጭ፣ ማርማላታ ነው እንዳይባል ሽንኩርት። ደፋሁት።

ሁለተኛውን በደንቡ ሠራሁት። ሚሪንና ሳኬውን አፈላሁ፣ የመጠጡ ሽታ ሲበን ስኳርና ሶይ ሶሱን ጨመርኩ፣ እሳቱን አሳንሼ ተጠባበቅሁ። ልጅቷ «ማንኪያውን ስስ አድርጎ ሲሸፍነው አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል» ትላለች። ማንኪያዬን አየሁት። ሸፍኗል፤ ግን ቀጭን ነው። ሻይ በሉት። ቀጥኖ እንግዳ ፊት የቀረበ ወጥ የሠራውን ሰው ስም ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ ስለ አንዲት ሴት ቀጭን ወጥ ከክርስትና እስከ ተዝካር ሲወራ ሰምተናል። እኔ ለክብሬ የምሠራውን ሶስ ላቅጥነው? ትንሽ ይንተክተክ አልኩ። ትንሽ ተጨማሪ። ቆንጆ የሥጋ ወጥ መስሎ ሲወፍርልኝ ደስ ብሎኝ አወረድኩትና ልተኛ ሄድኩ። ጠዋት ማንኪያውን ሳነሳው ድስቱም አብሮ ተነሳ። አንዱን ከአንዱ መለየት አልተቻለም። ጸዳለ የምትወደው ድስቷ መሆኑን በለሆሳስ ነገረችኝ፤ በለሆሳስ ስትናገር ደግሞ ነው የሚያስፈራው።

ደረሰ ቅዳሜ። ሺፍቴን ከሰው ጋር ተቀያይሬ ቤት ዋልኩ። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት የተባለ ሽማግሌ መቼ እንደሚመጣ ለአበሻ አንባቢ አላስረዳም፤ አሥር ሰዓት ላይ ከመጡ «ምነው ቸኮሉ» ይባላል። ስለዚህ ተዝናንቼ ሦስተኛውን ድስት ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጣድኩ። አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ፣ ገላ ታጥቦ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ፊት ለመቋጠር ሰፊ ጊዜ ነበረኝ።

ልክ በስምንት ሰዓት ደወሉ ጮኸ።

የዘነጋሁት ነገር ገብቷችኋል። ጋሽ ተስፋይ በራሳቸው ቢመጡ ኖሮ የእኛው ሰው ናቸው፣ በአሥር ይመጡ ነበር። ግን ሚስተር ኬን በራያን ፒካፕ ከኦኮቶክስ ተነስተው፣ ሞንተሬይ ፓርክ ጎራ ብለው ጋሽ ተስፋይን ጫማቸውን በቅጡ ሳያስሩ አንስተዋቸው፣ ቀድመው ደርሰው እንዳያስቸግሩን መንገዱ ጥግ ፒካፑ ውስጥ ሰዓቱ እስኪሞላ ተቀምጠው ነው የመጡት። ራያን ከመሪው ኋላ ቀርቷል፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር እንደማይገባ ተነግሮታል።

ጸዳለ በአንድ ጆሮዋ ጉትቻ ብቻ በሩን ከፈተች። እኔ ሽርጥ ታጥቄ ምድጃው ላይ ነኝ። ሶሱ ደግሞ በዚያች በተረገመች ደቂቃዋ ላይ ነው፤ ዞር ካልኩ ድስት ይዞብኝ ይሄዳል። ጋሽ ተስፋይ ሳሎኑ መካከል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ቤቶች እንዴት ዋላችሁ! ደጃችሁን የረገጥነው ክፉ ይዘን አይደለም፤ ልጅ ፈልገን፣ ዘመድ ሽተን ነው!»

አባት ዝም ማለት አይችልም። ከወጥ ቤት ሆኜ፣ ከጭስ መሳቢያው ፋን ድምፅ በላይ ጮኼ፣

«እነማን ናችሁ?» አልኩ።

«የታወቅን ሰዎች ነን!» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «ግን የት ነህ ወንድሜ? የማናግረው ማንን ነው? ሶፋውን ነው?»

«ከየት ነው የመጣችሁት?» እያልኩ አማስላለሁ።

«ከሞንተሬይ ፓርክና ከኦኮቶክስ!»

በዚህ መካከል ሚስተር ኬን አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ጸዳለ እንደነገረችኝ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከዚያ ሽታውን ተከትለው ቀጥ ብለው ወደ ወጥ ቤት መጡ። ጋሽ ተስፋይ ከኋላቸው በእንግሊዝኛ «ሚስተር ኬን! አይቻልም! ሽማግሌ ይቆማል እንጂ አይዞርም!» እያሉ ነበር። ሚስተር ኬን ጎኔ ደርሰው ድስቱ ውስጥ አዩ። እኔም አየሁ። ሁለት ሸበቶዎች አንድ ድስት ላይ አጎነበስን።

«ገና ቀጭን ነው?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «እናቴ ነበረች የምትሠራው፤ እኛን አታስጠጋም። ባለቤቴ በጠርሙስ ትገዛ ነበር።»

«ልጅቷ አሁን አውጡት ትላለች።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ስልኬ ላይ ያለችው።»

«ትንሽ ብንጠብቅስ? ቀጭን ይመስላል።»

እነሆ፣ እኔን የጣለኝ ፈተና በሌላ ሰው አፍ መጣ። እኔ ግን በድስት ተምሬአለሁ። «በፍጹም!» ብዬ አወረድኩት። በማንኪያ ጠብታ ወስጄ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጣል አደረግሁ። ሁለታችንም እያየነው ጠብታው ሰነፈ፣ ከበደ፣ አበራ። ሆነ! እጄን ወደ ላይ ከመወርወሬ በፊት ሚስተር ኬን ጣታቸውን ሳህኑ ላይ አሳርፈው ላሱ። ከዚያ እንደገና ላሱ።

ጋሽ ተስፋይ ከሳሎን አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጸዳለ» አሉ ጋሽ ተስፋይ በቀስታ፣ «ምንድነው የሆነው?»

«ቀመሱ» አለች ጸዳለ፤ በሩ ላይ ደርሳ አይታለች።

«ቀመሱ?»

«በጣታቸው።»

ጋሽ ተስፋይ ኮታቸውን አስተካከሉና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እግራቸውንም አነባበሩ። ይህን ሳይ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አብቅቷል።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ! እኔ ገና መልስ አልሰጠሁም!» አልኩ፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ ወጥቼ።

«መልስ ሳያገኝ የሚቀምስ ሽማግሌ አለ?»

«የለም።»

«ሽማግሌዬ ቤትህ ቀምሷል። ስለዚህ መልስ አግኝቷል።»

«እኔ አላቀረብኩላቸውም! ራሳቸው ናቸው በጣታቸው የነኩት!»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አንተ ይህን ነገር ዘወትር ትበላለህ?»

«...አልበላም።»

«ታዲያ ለማን ሠራኸው?»

ለሳምንታት የተለማመድኩት ፊት፣ ያዘጋጀሁት «ዘመድ አማክረን» ሁሉ ከጭሱ ጋር በፋኑ ወጥቷል። ቀና ስል ማህሌት ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች መርፌ ሊወጓት ሲሉ የምታየኝን አስተያየት እያየችኝ። እንግዲህ እምቢ በል! ሽርጥ ታጥቀህ፣ ክንድህ ላይ ሶይ ሶስ ተረጭቶ፣ ሰውየው ከኋላህ ሳህን እየላሱ፣ «የማን ወገን ናችሁ» በል!

«ሰጥተናል» አልኩ።

ማህሌት ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አላየሁም፤ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ነው ያወቅሁት። እልል የሚል ሰው ጠፋ፤ ጸዳለ ከንፈሯን ገጥማ ነበር። ጋሽ ተስፋይ ለሚስተር ኬን በእንግሊዝኛ «ተሰጥቶናል» አሏቸው። ሚስተር ኬን ሳህኑን እንደያዙ ጋሽ ተስፋይን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ» አልኳቸው።

«ዛሬ?»

ቅር ያላቸው ሰው ድምፅ ነበር። ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። ራያን ማህሌት ሳታውቅ ጋሽ ተስፋይን ጠይቆ፣ ሥርዓቱን አጥንቶ፣ ለአያቱ አንድ በአንድ አስረድቷቸዋል። «ሂዱና ተመለሱ» እንደሚባሉ ያውቁ ነበር። ምሳቸውን ሳንድዊች ቋጥረው ፒካፑ ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ሲባረሩ የሚበሉት። ለቀጣዮቹ ቅዳሜዎች ሁሉ ለጎረቤቶቻቸው «ሥራ አለኝ» ብለዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቅዳሜ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም ነበር። «ምን ያህል ጊዜ እንደምታባርረን ከጋሽ ጋር መንገድ ላይ ስንገምት ነው የመጣነው» አሉኝ። ልጄ «አይገባውም» ያለችኝ ሰው ከእኔ የበለጠ ገብቶት ነበር ማለት ነው! እኔ ክብሬን ሙሉ ለሙሉ ጠብቄ፣ ፊቴን እንዳሻኝ ቋጥሬ፣ ደጋግሜ ልሸኛቸው እችል ነበር። ያን ሁሉ ያጠፋሁት እንዳይከፋቸው ብዬ በሠራሁት ሶስ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ጸዳለ ሁለተኛውን ጉትቻዋን አወለቀች ልበል፣ አደረገች ልበል፤ ብቻ በእጇ ይዛው «የእኔ አባት ሽማግሌዎችህን ስንቴ እንዳመላለሰ ረሳኸው?» አለች። «አንተ ልጄን በአንድ ድስት ሶስ!»

ምን እላለሁ። ቆንጆ ሶስ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ደወሉ ጮኸ። ከፈትኩ። ሚስተር ኬን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ተስፋይ ከጎናቸው ጫማቸውን ያስራሉ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ሚስተር ኬን።

ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ፊቴን ቋጠርኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ከነሽብሽቡ ተመለሰልኝ። «እነማን ናችሁ? የማን ወገን ናችሁ? ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን፤ ሂዱና ተመለሱ!» አልኩ። ሚስተር ኬን በደስታ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ እስከ ፒካፑ ሄደው ዞረው መጡ፣ እኔም በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው፤ ዶሮ ጠብሰን፣ ሶሱን ቀብተን በላን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ነው። በረዶም ቢሆን አይቀሩም፤ አንድ ጊዜ ሳላባርራቸው በቀጥታ ባስገባቸው ቀኑን ሙሉ ተኮሳትረው ዋሉ።

እንግዲህ አደራ፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ነገር ለማንም እንዳትነግሩ። ሠርጉ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ «አባትየው እንዴት ሰጡ?» እያለ ነው። የሚጠይቃችሁ ካለ፣ አያትየውን አመላልሷቸዋል፣ ዛሬም ድረስ ከበር ይመልሳቸዋል በሉልኝ። ካላመናችሁ በአንዱ ቅዳሜ ልክ በስምንት ሰዓት ብቅ ብላችሁ ማየት ነው።